ፈረሰኞቹ ፖስታ ቤት ናቸው

ለ57 ትንንሽ ሰዎች ማስቀቢያ 855 ፓውንድ ከፍያለሁ። ዋጋውን ገና ከመጀመሪያው የጻፍኩት ባለቤቴ እንዳትቀድመኝ ነው። እሷ ለሰው ስታወራ «ለአሻንጉሊት» ነው የምትለው። እኔ «ሚኒያቸር ነው» እላለሁ፤ ጠረጴዛ ላይ ጦርነት የሚጫወቱበት ትንሽ የወታደር ምስል ማለቴ ነው። ነገሩ ገና ለሽማግሌ አልቀረበም።

ገንዘቡ የት እንደገባ፣ ምን እንዳገኘሁበትና የቱ ጋ እንደተናደድኩ ልንገራችሁ። ልጆቻችሁ እነዚህን ነገሮች መሰብሰብ ከጀመሩባችሁ ይጠቅማችሁ ይሆናል። የቀባልኝን ሰው ስም ግን አልጽፍም። በመጀመሪያው ዙር ያበላሸውን በሁለተኛው አስተካክሏል። ስም ጠርቼ እንጀራው ውስጥ መግባት አልፈልግም።

የምኖረው ኖቲንግሃም ነው፤ አውቶቡስ እነዳለሁ። ከተማዋን ሰው በሮቢን ሁድ ያውቃታል። የ13 ዓመቱ ልጄ ግን የሚያውቃት በዋርሃመር ነው፤ በእነዚህ ምስሎች በሚካሄደው የጦርነት ጨዋታ። ጨዋታውን የሚሠራው ጌምስ ዎርክሾፕ የሚባለው ኩባንያ በ1975 ለንደን ውስጥ ተቋቋመ፤ ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ሌንተን ሰፈር ነው። እዚያው ዋርሃመር ዎርልድ የሚባል ቦታ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄን አድርሼ ቡናዬን ይዤ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ። አዋቂ ሰዎች፣ ጢማቸው የሸበተ ሁሉ፣ ጠረጴዛ ላይ ሠራዊት ደርድረው በሜትር እየለኩ ዳይስ ይጥላሉ። ይህ አካባቢ ትንንሽ ምስል የሚሠሩ ኩባንያዎች የተከማቹበት ስለሆነ «ሌድ ቤልት» ይሉታል፣ የእርሳስ ቀበቶ። ድሮ ምስሎቹ እርሳስ ከገባበት ብረት ነበር የሚቀለጡት። ዛሬ አብዛኛው ፕላስቲክ ነው። ብረት የሆኑትም ቆርቆሮው የሚበዛባቸው ናቸው።

እኔ ዳር ሆኜ ቡናዬን እየጠጣሁ እቀር ነበር። ጉዱ የመጣው ኒውአርክ ላይ ነው። ኒውአርክ ሾውግራውንድ ውስጥ ፓርቲዛን የሚባል የታሪክ ጦርነት ጨዋታ ትርኢት አለ። ልጄ ለምኖኝ ወሰድኩት። ናፖሊዮን፣ ሮማውያን፣ የእንግሊዝ ቀይ ኮት፣ ሁሉም አለ። አንዱ ሻጭ ጋ፣ የታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ «አቢሲኒያ» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው ትንንሽ ከረጢቶች ተንጠልጥለዋል። አንዱን አነሳሁ። ክብ ጋሻ፣ ጎራዴ፣ ትከሻ ላይ የተጣለ ለምድ። ጠመንጃውም አለ፤ አያቶቻችን ውጅግራ የሚሉት የፈረንሳዩ ግራ። ሁሉም ቁመታቸው 28 ሚሊ ሜትር፣ ሁሉም ያልተቀባ ብረት።

«አባዬ፣ እነዚህ እኛ ነን እንዴ?» አለኝ ልጄ።

ከዚያ በኋላ ከረጢቱን ወደ መደርደሪያው የሚመልስ አባት ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ሐሳቤ የዓድዋ በዓል ቀን ማኅበራችን አዳራሽ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ማቆም ነበር። በየዓመቱ ንግግር አለ፣ ሽለላ አለ፣ ምሳ አለ። ልጆቹ ግን ስልካቸውን ይጎረጉራሉ። መጥተው የሚያዩት፣ የሚነኩት ነገር ይኑር ብዬ ነው። መጀመሪያ ራሴ ልቀባ ሞከርኩ። ዘጠኝ ሰዓት መሪ ይዤ ውዬ ማታ ያችን ብሩሽ ስጨብጥ እጄ አይታዘዝም። የአንድ ምስል ዓይን ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰች ናት። ሦስት ሰው ቀባሁ። ሦስቱም ጅብ ያዩ ይመስላሉ። ልጄ በትሕትና «አባዬ፣ ኮሚሽን አስደርገው» አለኝ።

ኮሚሽን ሲለኝ ደላላ መሰለኝ። በእኛ አማርኛ ኮሚሽን የደላላ ድርሻ ነው፤ ቤት ስታከራይ የሚወሰድብህ። እነሱ ጋ ግን በትእዛዝ ማሠራት ማለት ነው። አንተ ምስሉን ትገዛለህ፣ ቀቢው ቀብቶ ይልክልሃል። ለምን እንደበዛ ገባኝ። ዋርሃመር 40,000 በሚባለው የጨዋታው ዓይነት ከ2020 ወዲህ ባለው ሕግ ሠራዊቱን ቀብቶ የመጣ ተጫዋች ከ100 ነጥብ 10 በነጻ ያገኛል። ጊዜ የሌለውና ገንዘብ ያለው ሰው ያስቀባል። እኔ ጊዜም ገንዘብም የለኝም፤ ቢሆንም አስቀባሁ።

በስሪ ላንካ ርካሽ የሚሠሩ ስቱዲዮዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ብረት ግን ከባድ ነው፤ የፖስታው ዋጋና ጉምሩኩ ይጨመርበታል። ደግሞም ነገር ቢበላሽ ሄጄ ፊት ለፊት የማናግረው ሰው ፈለግሁ። የመረጥኩት ልጅ ደርቢ ነው የሚኖረው፣ ከእኛ ብዙም አይርቅም። ቀን ሌላ ሥራ አለው። ማታና ቅዳሜ ይቀባል። ቀቢ ስላችሁ አጥር የሚቀባ እንዳይመስላችሁ። ሰዓሊ ልበለው ብዬም ነበር። እሱ ራሱን ያን ያህል አይቆልልም።

ሦስት ደረጃ አለው። ዝቅተኛው ኮንትራስት በሚባለው ቀለም አንድ ጊዜ ቀብቶ መጨረስ ነው። ይህ ቀለም በ2019 የወጣ ነው፤ ቀጭን ስለሆነ ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛና ይጠቁራል፣ ጉብታው ላይ ሳስቶ ይፈካል። ከሩቅ ያታልላል። ከፍተኛው ደረጃ ለመስተዋት ቁም ሣጥን የሚሆን ሥራ ነው፤ በሰዓት ይከፈላል፤ እሱን ገና ሳልጠይቅ ዘለልኩት። መካከለኛውን ያዝኩ። መጀመሪያ ፕራይመር ይነፋል። አገር ቤት የብረት በር ከመቀባቱ በፊት አንቲረስት እንደሚቀባው ማለት ነው፤ ያለ እሱ ቀለሙ ይላጣል። ከዚያ መደቡ። ከዚያ ዋሽ የሚሉት እንደ ሻይ የቀጠነ ቡናማ ቀለም። በመጨረሻ ጫፍ ጫፉን በፈካ ቀለም ሁለት ጊዜ ማንሳት።

እግረኛ በ12 ፓውንድ፣ 48 ሰው። ፈረሰኛ በ24፣ ስድስት። ሦስት ደግሞ ባለስም፣ እያንዳንዳቸው 45፤ አጤ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና ፊታውራሪ ገበየሁ። ከዚህ ላይ 40 በመቶ ቀብድ፣ 342 ፓውንድ። የምስሎቹ መግዣ ለብቻው ነው፤ እሱን ለባለቤቴም አልነገርኳት፣ ለእናንተም አልናገርም።

ተወደደ የሚል ካለ አብረን እናስላ። አሥር አሥር አድርጎ ሲሠራ ለአንድ እግረኛ በአማካይ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። የቅርጽ ማውጫው የተወውን ጠርዝ መሞረድ፣ ማጣበቅ፣ መቀባት፣ የቆመበትን መሬት ማልበስ፣ ቫርኒሽ፣ ማሸግ፣ ሁሉም በዚያች ሰዓት ውስጥ ነው። ያኔ፣ በ2024 መጨረሻ፣ የአገሩ ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 11.44 ፓውንድ ነበር። ከ12ቱ ላይ ቀለምና ብሩሽ ሲቀነስ ልጁ ከእኔ አውቶቡስ ጠራጊ በታች ነው የሚያገኘው። ይህን ሳሰላ ትንሽ አፈርኩ። ትንሽ ነው ያልኩት።

በመስከረም አዘዝኩ። «ለገና ሁሉም ይደርሳል» ተባልኩ። የፈረንጁን ገና ነው ያልኩት፤ ለነገሩ የእኛም ገና አለፈ።

የመጀመሪያው ካርቶን በኖቬምበር መጨረሻ መጣ። 24 ሰው፤ ግማሹ ከጣሊያን ጎን የተሰለፉ አስካሪዎች፣ ግማሹ የእኛ። አስተሻሸጉን ልመስክርለት። ከእያንዳንዱ ምስል እግር ሥር ማግኔት አለ፣ ከካርቶኑ ወለል ላይ ስስ ብረት ተለጥፏል። ገልብጠህ ብታራግፈው አይነቃነቁም።

አስካሪዎቹን ሳይ አፌን ያዝኩ። ቀዩ ታርቡሽ፣ በላዩ ላይ የሚወርደው ዘርፍ፣ ወገብ ላይ የተጠመጠመው መቀነት። የየትኛው ሻለቃ ጦር እንደሆኑ በመቀነቱና በዘርፉ ቀለም ነው የሚለየው፤ ያን ሁሉ ጠብቆ ቀብቷል። የጥይት ቀበቶዋ ክዳን ላይ ሳይቀር የብርሃን መስመር አለች።

የእኛዎቹን አወጣሁ። አመዳም ናቸው። ሌላ ቃል የለኝም። ፊታቸው ሁሉ ከአንድ ብልቃጥ የወጣ ቡናማ ነው፤ ጉንጫቸውና አፍንጫቸው ላይ ደግሞ ግራጫ ተሰምሯል። በጠዋት ወንዝ ወርደው ፊታቸውን ታጥበው ቫዝሊን ያጡ ይመስላሉ። ሸማቸው የጠመኔ ነጭ ነው። የቆሙበት መሬት ላይ ደግሞ ለምለም አረንጓዴ ሣር ተተክሏል። በየካቲት! ዓድዋ! ያንን ሣር የበላ ፈረስ ጦርነቱን ትቶ ይተኛ ነበር።

ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ አየቻቸው። «ጠላት አምሮበታል» አለች። «የእኛዎቹ ምን ሆኑ? ታመው ነው?»

ያን ማታ ተናድጄ ረጅም መልእክት ጻፍኩ። ጠዋት ሳልልከው አጠፋሁት። አውቶቡስ እየነዳሁ ሳስበው ነገሩ ገባኝ። የጣሊያንን ጦር ልብስ ከአዝራሩ እስከ ጫማ ማሰሪያው የሚዘረዝር መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ሞልቷል። ልጁ ያንን ገልጦ ቀባ። ለእኛዎቹ ምን ይግለጥ? እኔስ ምን ሰጠሁት? «አቢሲኒያውያን፣ ነጭ ልብስ» ብዬ አንድ መስመር ጽፌ ቀብድ ላክሁ። እሱም አልጠየቀ። ጥፋቱን ግማሽ ግማሽ አካፈልኩት። ሆኖም ዋጋ የሚቀበለው እሱ ነውና መጠየቅ ነበረበት፤ ይህን ነግሬዋለሁ።

ደርቢ ድረስ ሄድኩ። ሥራ ቦታው ከደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት መብራት፣ አንድ አጉሊ መነጽር፣ እርጥብ ስፖንጅ ላይ ወረቀት የተነጠፈበት የቀለም ገበታ። እርጥበቱ ቀለሙን ለሰዓታት እንዳይደርቅ ያደርገዋል። የአጎቶቼንና የአክስቶቼን የሠርግ ፎቶ ከስልኬ አሳየሁት። ይህ ጥቁር ነው፣ ይህ ጠይም፣ ይህ ቀይ ዳማ፣ ይህች ቀይ ናት አልኩት።

«ቀይ ማለት?» አለኝ። ፎቶውን ወደ ዓይኑ አስጠጋው። «የቱ ጋ ነው ቀዩ?»

ለእንግሊዝ ይህን ማስረዳት ከባድ ነው። ቀይ አልን እንጂ ቀይ አይደለም። ብቻ ልዩነቱን በዓይኑ አየ፤ ዋናው እሱ ነው። ግራጫው ከየት እንደመጣም እዚያው ነገረኝ። ጥቁር ቡናማውን ለማፍካት ነጭ ጨምሮበት ኖሯል። ነጭ ሲገባ ቆዳ አመድ ይሆናል። ለጥቁሩ ሰው ራይኖክስ ሃይድ ከሚባለው ጥቁር ቡናማ ተነስቶ ወደ ብርቱካንማ ቡናማ እያሞቀ መውጣት፣ ጥላው ላይ ደግሞ ውሃ የበዛበት ሐምራዊ ማሳለፍ ነበረበት። ለቀዩ ከቢጫማ ቡናማ መነሳት። እኔ እያየሁት በአንዱ ፊት ላይ ሞከረው። አራት ጠብታ፣ አሥር ደቂቃ። ሰውዬው ነቃ። የሆነ ቦታ የማውቀው ሰው መሰለኝ፤ ፒያሳ ቴምብር የሚሸጥ አንድ ሰው ነበር።

ለሸማው ባለቤቴ መፍትሔ አገኘች። ያችው «ለአሻንጉሊት» የምትለው ሴት። አንድ ያረጀ ነጠላዋን አውጥታ ጥጉን በመቀስ ቀዳ «ይኸው፣ ይህን ላክለት። ፈትል ምን እንደሚመስል በዓይኑ ይይ» አለችኝ። በፖስታ ላክሁለት። እጅ ፈትል ንጹሕ ነጭ አይደለም፤ ውስጡ ቅቤ መልክ አለ። ልጁ ቁራጩን ከመብራቱ ሥር በስካች ቴፕ ለጥፎ ከእሱ ጋር እያስተያየ ቀባ። መደቡን አቧራማ አድርጎ፣ በላዩ አጥንት የመሰለ ቀለም፣ ንጹሑን ነጭ የእጥፋቱ አናት ላይ ብቻ። በኋላ ከአለቆቹ የአንዱን ጃኖ በልጄ አጉሊ መነጽር አየሁት። ቀዩ ጥለት ከአንድ ሚሊ ሜትር አይሰፋም። ትከሻው ላይ ቀጥ ብሎ ይመጣል፣ ክንዱ ጋ ጨርቁ ሲታጠፍ መስመሩም አብሮ ይታጠፋል፣ እጥፉ ውስጥ ሲገባ ወደ ወይን ጠጅ ይጠቁራል፣ ሲወጣ ይቀላል። ይህን ያየሁ ቀን የ12 ፓውንዱን ስሌት ተውኩት።

ከመጀመሪያዎቹ አምስቱ ከመጠገን አልፈው ነበር። ዴቶል ውስጥ ነክሯቸው ቀለማቸውን በጥርስ ብሩሽ ፈትጎ አነሳው። አዎ፣ ወለል የምንወለውልበት ዴቶል። ብረት ላይ ያለ አክሪሊክ ቀለም ያስለቅቃል። ለዚህ አላስከፈለኝም። ከመካከላቸው አንዱ ዛሬም ሲሸቱት ክሊኒክ ክሊኒክ ይላል።

ሁለተኛው ካርቶን በፌብሩዋሪ 12 መጣ። ሣሩ ደርቋል፤ ገለባ መልክ ይዟል፣ ድንጋይ በዝቶበታል። አንዱ ጦር መንገድ ላይ ጎብጧል፤ የአመላላሹ ጥፋት ይሁን የማሸጊያው አላወቅሁም። ልጁ በኋላ በእጅ በሚዞር ቀጭን መሰርሰሪያ መዳፉን በስቶ የብረት ሽቦ ጦር ተካለት። እሱ አይጎብጥም፤ ጣት ግን ይወጋል።

ስለ እቴጌይቱ ትንሽ ልቆይ። ለብቻቸው የተሠራ ምስል ስላጣሁ ልጁ አንዲት ጃንጥላ የያዘች ሴት ወስዶ ቀየራት። ግሪን ስተፍ የሚሉት ሊጥ አለ፤ ሰማያዊና ቢጫው ለየብቻ ነው፣ ሲታሽ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲያድር ይደነድናል። በእሱ ካባ አለበሳቸው። ሥራው መሃል ላይ ፎቶ ላከልኝ። ጃንጥላው ቀይ፣ ዙሪያው ወርቃማ ዘርፍ። ጥምቀት! ኢንተርኔት ላይ «የኢትዮጵያ ጃንጥላ» ብሎ ፈልጎ ታቦት ያጀበውን አግኝቶ ነው። እቴጌ ዓድዋ ላይ የሚነገርላቸው ጥቁር ጃንጥላ ነው አልኩት። «እርግጠኛ ነህ? ቀዩ ያምራል» አለኝ። ያምራል፤ ግን አይደለም። ጥቁር አደረገው፣ ጠርዙን በሰማያዊ ግራጫ አነሳው። ከ57ቱ ውስጥ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው እሳቸውን ነው። ይቅርታ እንዲሆንም ባንዲራ በነጻ ልጨምርልህ አለኝ። ሦስቱ ቀለማት በአንድ አራት ማዕዘን ባንዲራ የታዩት ከዓድዋ በኋላ በ1897 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው ብዬ አስቀረሁት። አሁን ሳስበው በነጻ የመጣ ነገር አስቀረሁ።

አጤ ምኒልክ ጥሩ ናቸው። ሰፊው ባርኔጣ፣ ከሥሩ ነጩ ሻሽ። ፊታቸው ትንሽ ወጣት ሆኗል። ገበየሁን አልወደድኩትም፤ ጎፈሩ ዊግ ይመስላል፤ 45 ፓውንድ አያወጣም።

ፈረሰኞቹስ? አልመጡም። ልጁ ፎቶ ላከልኝ፤ ስድስቱም ፈረሶች ጭጋግ የለበሱ ይመስላሉ። የሚነፋ ማት፣ ማለትም የማያብለጨልጭ፣ ቫርኒሽ እርጥበትና ብርድ አይወድም፤ ጋራዥ ውስጥ በፌብሩዋሪ ሲነፋው ነጣ። እንደገና መሠራት አለባቸው። ሳይደብቅ መናገሩን አደንቃለሁ። ግን ለገና የተባለ ሥራ ነው፤ ፀሐይ የሌለበት አገር መሆኑን ደግሞ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል።

በዓሉ እሑድ ማርች 2 ዋለ፣ የካቲት 23። ዐቢይ ጾም ገብቶ ስለነበር ምሳው ሽሮና ስልስ ነው። ጠረጴዛውን በር አጠገብ አቆምነው። ተራሮቹን ከስታይሮፎም የሠራው ልጄ ነው። ልጆች ከበቡን። አንዷ የስድስት ዓመት ልጅ እቴጌን ይዛ አልመልስም ብላ እናቷ ጋ ተደበቀች። ስልክ ያወጣም ነበር፣ ፎቶ ለማንሳት።

ከዚያ የማኅበራችን አንጋፋ መጡ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጠረጴዛውን ሁለቴ ዞሩት።

«እነዚህ መኳንንት» አሉ ምኒልክ አጠገብ የቆሙትን በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «ንጉሥ ፊት ቆመው ሸማቸውን ያላደገደጉት ለምንድን ነው?»

ቅርጹን የሠራው ሌላ ሰው ነው፣ እኔ ማስቀባት ብቻ ነው ያልኩት አልኳቸው። አልተዋጠላቸውም።

«ፈረሰኛውስ? ያለ ፈረስ ነው እንዴ ዓድዋን ያሸነፍነው?»

«ፈረሰኞቹ ፖስታ ቤት ናቸው፣ ጋሼ።»

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይደውሉልኝ ጀመር። «ፈረሶቹ ደረሱ?» ሌላ ሰላምታ የለም።

ማርች 19 ደረሱ። ሁለት ዳማ፣ ሁለት ቡላ፣ አንድ ጥቁር፣ አንድ አምባላይ። መጠበቁን ያስረሳሉ ማለት ይከብደኛል፤ ጠረጴዛው ያለ እነሱ ነው የዋለው፣ ቀኑም አይመለስም። ግን ከሥራው ሁሉ ምርጡ እነሱ ናቸው። ጭራቸው ላይ ሦስት ዓይነት ቡናማ አለ። የዳማው ላብ አንገቱ ላይ ያበራል፤ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ በብሩሽ ነክቶ ነው። ኮርቻው ላይ ያለው ብር ከጨርቁ ይለያል። ቀሪውን ገንዘብ ያን ማታ ላክሁለት፤ የዘገየበትን 30 ፓውንድ ራሱ ቀንሶ መለሰልኝ። እኔ አልጠየቅሁትም ነበር።

አሁን ለመጪው ዓመት መድፈኞች ላዝ ነው፤ ባልቻ አባ ነፍሶ ከነመድፉ። በዚህኛው ዙር 14 ፎቶ፣ አንድ ገጽ ጽሑፍና የጨርቅ ቁራጭ አስቀድሜ ልኬያለሁ። የሚደርስበት ቀን ብሎ የነገረኝን ደግሞ በሁለት ወር ገፍቼ ነው ለራሴ የጻፍኩት። ቫርኒሹን ከሜይ በኋላ እንዲነፋም ተስማምተናል።

ፈረሶቹን በሰኞ ዕረፍቴ ጋሼ ቤት ወሰድኳቸው። ቡና ተፈላ። መነጽራቸውን አደረጉና ስድስቱንም አሰልፈው አዩ። አምባላዩን አነሱ። መስኮቱ ጋ ወሰዱት። ጋማውን አዩ፣ ልጓሙን አዩ፣ የፈረሰኛውን ፊት አዩ። ብዙ ዝም አሉ።

«ይኼ ፈረስ ነው» አሉ በመጨረሻ።

ደስ አለኝ። ስኒዬን አነሳሁ። እሳቸው ፈረሱን ገለበጡት።

«የኋላ ግራ እግሩ ኮቴ አልተቀባም።»

ተቀብዬ አየሁ። እውነታቸውን ነው። ከመሬት የተነሳው እግር ሥር ፕራይመሩ ግራጫ ሆኖ ቀርቷል። አምስት ቀን ሙሉ ሳገላብጠው እኔ አላየሁትም፣ ልጄም አላየው።

«ስንት ከፈልክበት አልከኝ?»

«24 ፓውንድ፣ ጋሼ።»

«ከነኮቴው?»